«ሃይ ሮል» ምን አጠፋ? የእንግሊዝኛ ቃላት ከማን ጋር ነው የሚውሉት?

ብዕረኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ቢገባኝ ነው የመጣሁት።

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ነው። ትናንት አማካሪዬ ሁለተኛውን ምዕራፍ አርመው መለሱልኝ። ሰዋስው ላይ ብዙ ቀይ የለም። ግን በየገጹ ዳር አንድ ዓይነት አስተያየት ሰፍሯል፦ «ሐሳቡ ገብቶኛል፤ በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይባልም።» አሥራ አንድ ቦታ ቆጠርኩ።

ጥቂቱን ላሳያችሁ። «ከፍተኛ ሚና ይጫወታል» ለማለት «ፕሌይስ ኤ ሃይ ሮል» ብዬ ጽፌ ነበር። «ሃይ» ተሰርዞ «ኪ» ገባበት። «ከባድ ስህተት» ለማለት «ሄቪ ሚስቴክ» አልኩ፤ «ሲሪየስ» ሆነ። «ሜክ ሪሰርች» ያልኩት «ኮንደክት ሪሰርች» ተባለ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን «ኮዝ ሰክሰስ» ነው። ስኬትን ያመጣል ማለቴ ነበር። «ኮዝ» ተሰርዞ «ሊድ ቱ» ተተካ። ምን ልዩነት አለው?

መዝገበ ቃላት ከፍቼ አየሁ። «ሃይ» ከፍተኛ ነው። «ሄቪ» ከባድ ነው። ዝናብ ሲሆን «ሄቪ ሬይን» ይባላል፤ ስህተት ሲሆን ለምን ይከለከላል? ሕጉ የት ነው የተጻፈው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። እንግሊዝኛን የለመድኩት በብዛት ፊልም በማየትና ሰው ሲያወራ በመስማት ነው። ንግግር ላይ አልቸገርም። የጥናት ጽሑፍ ሳነብ ግን ሌላ ቋንቋ ይመስለኛል። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ አብረዋቸው የሚመጡት ግን ሌሎች ናቸው። ይሄ እውነት ነው ወይስ ለኔ ብቻ ነው እንዲህ የሚሰማኝ?

አርታኢዋ፦

ወንድሜ፣ እውነት ነው። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው፤ ያሳየኸንን ዓይነት ስህተት በየቀኑ አገኛለሁ። ደስ የሚለኝ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ከራሳችን ቋንቋ እንነሳ። ባርኔጣ ትደፋለህ። ቀበቶ ትታጠቃለህ። ሰዓት ታስራለህ። ጫማ ታደርጋለህ። ካባ ትደርባለህ። ሸሚዝ ትለብሳለህ። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ «ዌር» በሚል አንድ ግስ ይገላገላል። አማርኛ የሚማር ሰው «ሰዓት ለበስኩ» ቢልህ ሐሳቡ ይገባሃል። ግን «እንዲህ አይባልም» ትለዋለህ፤ ልክ አማካሪህ እንዳሉህ። ሕጉ የት ነው ቢልህስ? የምታሳየው ገጽ የለህም። ሰዓትና ማሰር አብረው ስለኖሩ ነው።

ባለሙያዎቹ ይህን «ኮሎኬሽን» ይሉታል። እኔ ለራሴ የቃላት ጉርብትና እለዋለሁ። ነገሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ሃሮልድ ፓልመር ቶኪዮ ላይ እንግሊዝኛ ማስተማርን ሲያጠና በ1933 የእንግሊዝኛን ጉርብትናዎች የሰበሰበ ትልቅ ዘገባ አውጥቷል። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ ደግሞ በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቃልን አብሮት ከሚውለው ታውቀዋለህ አለ። እኛም ስለ ሰው «ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ» እንል የለ? በ1966 ማይክል ሃሊዴይ ይህን በትንሽ ምሳሌ አሳየ። ሻይ «ስትሮንግ» ይባላል፣ «ፓወርፉል» አይባልም። መኪና «ፓወርፉል» ይባላል፣ «ስትሮንግ» አይባልም። «አርጊውመንት» ግን ሁለቱንም ይቀበላል። ሁለቱ ቅጽሎች መዝገበ ቃላት ላይ ጎን ለጎን ናቸው። የሚለያቸው ጎረቤታቸው ነው።

አሁን ወደ አንተ «ከባድ» ልምጣ። ይህን ቃል በቅርብ እየው። ከባድ ዝናብ «ሄቪ ሬይን» ነው፤ እዚህ ተገጣጠምን። ከባድ ስህተት «ሲሪየስ ሚስቴክ» ነው። ከባድ ጉዳት «ሲቪር ዳሜጅ»። ከባድ ፈተና «ዲፊከልት ኤግዛም»፣ በንግግር ከሆነ «ታፍ» ቢባልም ያስኬዳል። ከባድ እንቅልፍ «ዲፕ ስሊፕ»። አንድ የአማርኛ ቅጽል አምስት ቦታ ተበተነ። በተቃራኒው ደግሞ እንግሊዝኛ ብዙ የሚያጨስን ሰው «ሄቪ ስሞከር» ይለዋል፤ እኛ «ከባድ አጫሽ» አንልም። ስለዚህ «ከባድ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ብለህ አትጠይቅ። ጥያቄው ራሱ ነው የሚያሳስትህ። ስሙን ያዝ። «ሚስቴክ»ን ጠይቀው፦ አንተ ሲብስብህ ምን ትባላለህ? በለው። መልሱ ያለው ከስሙ ዘንድ ነው።

«ከፍተኛ» ላይም እንዲሁ ነው። ከማርማቸው ጽሑፎች ውስጥ እጅግ የሚያስቸግረኝ ይህ ቃል ነው። ከፍተኛ ሚና፣ ከፍተኛ ለውጥ፣ ከፍተኛ ጉዳት፣ ከፍተኛ ትኩረት እንላለን። ሁሉንም በ«ሃይ» ከተረጎምካቸው ሁሉም ይበላሻሉ። «ሃይ» የሚወደው በልክ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነው፦ «ሃይ ሌቭል»፣ «ሃይ ሬት»፣ «ሃይ ቴምፕሬቸር»። ሚና ደግሞ በሜትር አይለካም።

«ኮዝ ሰክሰስ» ላይ የተሰረዘብህ ግን ከዚህ ይጠልቃል። ማይክል ስተብስ የሚባል የቋንቋ አጥኚ በ1995 ይህንኑ ግስ ለብቻው ይዞ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ተከታተለው። አብረውት የሚመጡት ስሞች በብዛት መጥፎዎች ናቸው፦ «ፕሮብለም»፣ «ዳሜጅ»፣ «ዴዝ»፣ «ካንሰር»። ግሱ በትርጉሙ ክፉ አይደለም። ከክፉ ጋር ስለዋለ ጠረኑን ይዞ ነው የሚመጣው። አማርኛችን ውስጥ «ዳረገ» የሚለውን ተመልከት። ለሞት ዳረገ። ለኪሳራ ዳረገ። ለስደት ዳረገ። አሁን «ለደስታ ዳረገው» በል እስቲ። ጆሮህ ይቃወማል። «ኮዝ ሰክሰስ» ለአማካሪህ ጆሮ የሚሰማቸው እንደዚያ ነው። ሰዎቹ ይህን ክስተት «ሴማንቲክ ፕሮዞዲ» ይሉታል፤ ስያሜውን ያስተዋወቀው ቢል ላው በ1993 ነው። ለጥሩ ነገር «ሊድ ቱ» ወይም «ኮንትሪቢዩት ቱ» ይሻልሃል።

ሁለተኛው ጥያቄህ፣ ንግግርና የጥናት ጽሑፍ ሌላ ቋንቋ ይመስላል ያልከው፣ በቁጥር የታየ ነገር ነው። ዳግላስ ባይበርና ባልደረቦቹ በ1999 ያወጡት ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍ 40 ሚሊዮን ቃል ባለው ክምችት ላይ የተመሠረተ ነው። ንግግርን፣ ልቦለድን፣ ዜናንና የጥናት ጽሑፍን ለየብቻ አስቀምጠው አወዳደሩ። ከሠሩት አንዱ እየተደጋገሙ የሚመጡ ባለ አራት ቃል ሰንሰለቶችን መልቀም ነው። ሰንሰለቱ እንዲቆጠር በአንድ ሚሊዮን ቃል ውስጥ ቢያንስ 10 ጊዜ መምጣት አለበት። ያውም ቢያንስ በአምስት የተለያዩ ጽሑፎች ውስጥ፤ አንድ ሰው የወደደው አባባል ብቻ እንዳይሆን።

የወጣውን ተመልከት። ከንግግር፦ «አይ ዶንት ኖው ኢፍ»፣ «ዱ ዩ ዋንት ቱ»፣ «አይ ዋዝ ጎይንግ ቱ»። ከጥናት ጽሑፍ፦ «ኢን ዘ ኬዝ ኦቭ»፣ «አዝ ኤ ሪዘልት ኦቭ»፣ «ዘ ኔቸር ኦቭ ዘ»። የንግግሮቹ ውስጥ «እኔ» እና «አንተ» አሉ፣ ግስ አለ። በጥናት ጽሑፎቹ ውስጥ ተናጋሪው የለም። ያለው ስምና መስተዋድድ ነው። «ዘ ኔቸር ኦቭ ዘ» ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከፊትና ከኋላው ነገር የሚሰካበት ማያያዣ ነው። አንተ ፊልም ላይ የለመድከው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው። አሁን የምትጽፈው በሁለተኛው ነው። ቃላቱ የሚታወቁህ፣ ስብስቡ ግን ባዕድ የሚሆንብህ ለዚህ ነው።

አንድ ትንሽ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። «ቢግ» እና «ላርጅ» ሁለቱም ትልቅ ናቸው። ንግግር «ቢግ»ን ይመርጣል። የጥናት ጽሑፍ ወደ «ላርጅ» ያደላል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከብዛት ጋር፦ «ኤ ላርጅ ነምበር ኦቭ»፣ «ላርጅ አማውንት»። «ኤ ቢግ ነምበር ኦቭ» ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ሰዋስው አልጣሰም። ግን እዚያ ሰፈር አላደገም።

ቆጣሪው፦

አርታኢዋ ያለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራዬ ጽሑፍ የሚቆጥር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሰዎች ኮሎኬሽን ሲሉ «በብዛት አብሮ የሚመጣ» ብቻ ይመስላቸዋል። እንደዚያ ካሰባችሁ የመጀመሪያው ተሸላሚ «ኦቭ ዘ» ይሆናል። ምንም አይጠቅማችሁም።

ለምን ቢባል፣ «ዘ» በየቦታው አለ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1961 ከታተሙ የአሜሪካ ጽሑፎች የተሰበሰበው የመጀመሪያው ትልቅ የኮምፒውተር ክምችት አንድ ሚሊዮን ቃል ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ «ዘ» ብቻውን ወደ 70 ሺህ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ቃል ከማንም ጋር ቢገናኝ አይገርምም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ በአጋጣሚ ከሚገናኙት በላይ ምን ያህል ጊዜ ተገናኙ? ለማሳያ ያህል ቀላል ቁጥር ልውሰድ። አንድ ሚሊዮን ቃል አለን እንበል። አንዱ ቃል 1,000 ጊዜ፣ ሌላው 500 ጊዜ ይገኛል። ቃላቱ ተደባልቀው በዘፈቀደ ቢበተኑ፣ ሁለቱ ተከታትለው የሚመጡት 1,000 ሲባዛ በ500፣ ሲካፈል ለሚሊዮን፣ ማለትም 0.5 ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። እኛ ግን ቆጥረን 32 ጊዜ አገኘን። ከሚጠበቀው 64 እጥፍ ነው። 64 ማለት 2 ስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነውና ነጥቡ 6 ይሆናል። ይህ ልኬት «ሚውቹዋል ኢንፎርሜሽን» ይባላል። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ያስተዋወቁት ኬኔት ቸርች እና ፓትሪክ ሃንክስ በ1990 ነው። በልማድ ከ3 በላይ ከሆነ ጉርብትናው ይታመናል።

ግን ተጠንቀቁ። ይህ ልኬት ብርቅ ቃልን ያለ ልክ ይወዳል። ሁለት ቃላት በሚሊዮን ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተገኝተው፣ ያቺው አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ከሆነች፣ ነጥቡ ወደ 20 ይደርሳል። የትየባ ስህተት አናት ላይ ወጥቶ አይቻለሁ። ስለዚህ ዝቅተኛ ብዛት ሳታስቀምጡ ዝርዝሩን አትመኑ።

ሌላው፣ ጎረቤት ማለት የግድ የተጣበቀ አይደለም። በተለምዶ ከቃሉ በስተግራ አራት፣ በስተቀኝ አራት ቃል ድረስ እንመለከታለን። «ኮንደክት» እና «ሪሰርች» ተያይዘው ሊመጡ ይችላሉ። «ዘ ሪሰርች ዋዝ ኮንደክትድ» ተብሎ ተገልብጠውም ይመጣሉ። ጉርብትናቸው ያው ነው።

የቋንቋ መምህር፦

አጭር ነገር ነው የምለው። ተማሪዎቼ ቃል በቃል ዝርዝር ይሸመድዳሉ። በ2000 አቬሪል ኮክስሄድ ያወጣችው 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) ያሉት የአካዳሚክ ዝርዝር አለ፤ ጥሩ ዝርዝር ነው። ግን ቃሉን ብቻውን ከነትርጉሙ የያዘ ልጅ ሲጽፍ ያው ይስታል። በደብተራችሁ ስሙን ጻፉና ከፊቱ ቅጽሎቹን፣ ከኋላው ግሶቹን አስከትሉለት። እኔ በሳምንት አምስት ስም ብቻ ነው የማስይዛቸው። በ2013 ኪርስተን አከርማንና ዩ-ሁዋ ቼን ያዘጋጁት 2,469 የአካዳሚክ ጥንዶች ያሉት ዝርዝርም አለ። እሱ ጥንዱን ከነጥንድነቱ ስለሚሰጥ ለጸሐፊ የበለጠ ይቀርባል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። «ሲግኒፊካንት ዲፈረንስ» የሚለውን ጥንድ በዘፈቀደ አትጠቀሙበት። በተራ ጽሑፍ ጉልህ ልዩነት ማለት ነው። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ግን አንባቢው ወዲያው የስታቲስቲክስ ፈተና ሠርታችኋል ብሎ ያስባል። ካልሠራችሁ ሌላ ቅጽል ፈልጉ።

ብዕረኛው፦

እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ እህቴ አርታኢዋ፣ «ዳረገ» ያልሽው ምሳሌ ዓይኔን ገለጠልኝ። ከዚያ በኋላ «ኮዝ»ን ባየሁ ቁጥር «ዳረገ» እያልኩ ነው የማነበው።

ማታ «ኮካ» የሚባለውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ክምችት ከፈትኩ። ከ1990 እስከ 2019 የተጻፈና የተነገረ ከአንድ ቢሊዮን ቃል በላይ አለው። ንግግሩ፣ ልቦለዱ፣ መጽሔቱ፣ ጋዜጣው፣ የጥናት ጽሑፉ ለየብቻ ነው። የጥናት ጽሑፉን ብቻ መረጥኩ። «ሮል» ብዬ ከፊቱ የሚመጡትን ቅጽሎች ጠየቅኩ። «ኢምፖርታንት»፣ «ኪ»፣ «ሴንትራል»፣ «ማጆር»፣ «ክሪቲካል» እያለ ወረደ። ወደ ታች ሄድኩ፣ ሄድኩ። የኔን «ሃይ» አጣሁት። ያኔ ነው አማካሪዬን ያመንኳቸው።

አሁን ግን ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። እነዚህን ሐረጎች ከሰው ጽሑፍ እየለቀምኩ ብጽፍ ኩረጃ አይሆንብኝም? ጓደኛዬ «የሰው ዓረፍተ ነገር አትውሰድ» ብሎ አስፈራርቶኛል።

አርታኢዋ፦

አይሆንብህም። «አዝ ኤ ሪዘልት ኦቭ» የማንም ንብረት አይደለም። «ኮንደክት ሪሰርች» የማንም ግኝት አይደለም። ኩረጃ የሰውን ሐሳብ ወይም የሰውን የራሱ አገላለጽ ምንጩን ሳይጠቅሱ መውሰድ ነው። ጆን ሲንክለር የሚባለው ትልቅ ሰው፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በ1987 የወጣውን የኮቢልድ መዝገበ ቃላት የመራው፣ ይህን ጉዳይ ብዙ አስቦበታል። እሱ እንደሚለው ስንጽፍም ስንናገርም ቃል በቃል አንመርጥም። አስቀድሞ የተገጣጠመ ሐረግ እንዳለ አንስተን እንደ አንድ ምርጫ እንጠቀማለን። እንግሊዛውያኑ ራሳቸው የሚያደርጉት ይህንን ነው።

መለኪያዬ ይህ ነው። ሐረጉን በአምስት የተለያዩ ጸሐፊዎች ጽሑፍ ውስጥ ካገኘኸው የጋራ ነው፤ ውሰደው። የአንድ ሰው ብቻ ከሆነና ዘወር ብለህ እንድታየው ካደረገህ የእሱ ነው፤ ወይ ጥቀሰው ወይ ተወው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አንጄላ ሃሰልግሬን በ1994 በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ኖርዌጃውያን ተማሪዎችን አጥንታ፣ በደንብ የሚያውቋቸውን ጥቂት ቃላት ሙጥኝ ብለው በየቦታው እንደሚያስገቡ አሳየች። ልጅ አሻንጉሊቱን እንደሚያቅፍ ማለት ነው፤ «ሌክሲካል ቴዲ ቤር» የሚለው ስያሜዋም ከዚያ የመጣ ነው። ይህን በየሳምንቱ በዓይኔ አያለሁ። በቀደም ያረምኩት አንድ ባለ 12 ገጽ ጽሑፍ ውስጥ «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» ዘጠኝ ጊዜ ነበር። ከዘጠኙ ተቃራኒ ሐሳብ የያዙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰባቱ ውስጥ ጸሐፊው ሊል የፈለገው «በተጨማሪም» ነው። ሐረጉ ትክክለኛ ነው፤ ቦታው አይደለም። ስለዚህ ሰንሰለቱን ስትለቅም የሚሠራውን ሥራም አብረህ ልቀም።

በራስህ መስክ ጽሑፍ ውስጥ መልቀምህን ደግሞ አትርሳ። ኬን ሃይላንድ በ2008 የአራት መስኮችን ጽሑፍ አወዳድሮ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ባዮሎጂ፣ ቢዝነስና የተግባር ቋንቋ ጥናት ማለት ነው፣ ሰንሰለቶቻቸው በእጅጉ እንደሚለያዩ አሳይቷል። መሐንዲሱ አንባቢውን ወደ ሥዕልና ሰንጠረዥ ይልከዋል። የቋንቋ አጥኚው በክርክር ይመራዋል። በመስክህ ከሚነበቡ መጽሔቶች አሥር ያህል ጽሑፍ አውርድና አንድ ላይ ፈትሻቸው።

ብዕረኛው፦

ገባኝ። ዛሬ ምዕራፉን እንደገና ጀመርኩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን አስተካከልኩ። «ሃይ ቼንጅ» «ሲግኒፊካንት ቼንጅ» ልለው ነበር፤ መምህሩ ያሉትን አስታውሼ ፈተና ያልሠራሁበት ቦታ ላይ «ሰብስታንሻል» አደረግኩት። «ሶልቭ ዘ ጋፕ» ያልኩትንም «ፊል ዘ ጋፕ» ብዬዋለሁ፤ በአማርኛም ክፍተት ይሞላል እንጂ አይፈታም።

አሁን ግን ሁሉንም ቃል መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ገጽ 14 ላይ «ጠንካራ ማስረጃ» ለማለት «ስትሮንግ ኤቪደንስ» ብያለሁ። ቀጥታ ከአማርኛ የተረጎምኩት ነው። አማካሪዬ አልነኩትም። ሳያዩት አልፈው ይሆን? ልቀይረው?

አርታኢዋ፦

አትቀይረው። «ኤቪደንስ» «ስትሮንግ»ን ይወዳል፤ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ በየጊዜው አብረው ታገኛቸዋለህ። ተቃራኒው «ዊክ» ነው፤ እኛም ደካማ ማስረጃ እንላለን። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ተገናኝተዋል። አንድ ነገር ብቻ ተመልከት፦ «ኤቪደንስ» በእንግሊዝኛ አይቆጠርም። ከፊቱ «ኤ» አስገብተህ ከሆነ አውጣት።